የዶክተር አክሊሉ ለማ የሕይወት ታሪክ፤ ስለ ውሃና ስለ ሚዛን

ያለፉ ሰዎችን ታሪክ መስማት ለሰሚው ጥቅም የሚሰጠው፥ ከመደነቅ ዐልፎ በገዛ ቤቱና በገዛ ሥራው ያለውን ነገር እንዲመረምር ሲያደርገው ነው። ዛሬ የምንተርክላችሁ ሰው ንጉሥ አልነበሩም፤ ጦርም አልመሩም፤ ሀብትም አላከማቹም። ነገር ግን በአንዲት ወንዝ ዳር ቆመው፥ ሌላው ሰው ሁሉ እያየ ያለፈውን ነገር ትኵር ብለው የተመለከቱ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ናቸው። ስማቸውም ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላል። የተወለዱት በ1935 በሐረርጌ ምድር ሲሆን፥ ያረፉት በ1997 ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይወቅልን።

ነጋዴ የሆነ ወንድማችን ይህን ሲሰማ፥ ነገሩ የሐኪሞች ነው በማለት እንዳያልፈው እንለምነዋለን። የዚህ ሰው ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚዛን ነገር ነውና። ሚዛን ደግሞ ነጋዴ ጧት ሱቁን ከፍቶ ማታ እስኪዘጋ ድረስ ከእጁ የማይለይ፥ በእርሱም የሚጠየቅበት ዕቃ ነው። እናቶችና አባቶችም ነገሩ የልጆቻቸው ጤንነት ስለ ሆነ ከማንም ይልቅ ሊሰሙት ይገባል።

አስቀድሞ በሽታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ የሚመጣው በሰው ደም ሥር ውስጥ ከሚኖር ጥገኛ ትል ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ዓይነት አንጀትንና ጉበትን የሚጐዳው ነው። የታመመ ሰው በሜዳ ወይም በወንዝ ዳር ሲጸዳዳ፥ የትሉ ዕንቍላል ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ ዝናብም ጠርጎ ወደ ውሃ ያገባዋል። በውሃ ውስጥ ዕንቍላሉ ሲፈለፈል በዓይን የማትታይ ነፍሳት ትወጣለች። ይህችም ነፍሳት ያለ ማደሪያ መቈየት አትችልም፤ ማደሪያዋም በወንዝ ዳር በቅጠልና በድንጋይ ላይ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ናት። ቀንድ አውጣዋን ካላገኘች በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች፤ ካገኘቻት ግን በውስጧ ገብታ ትራባለች። ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ከአንዲት ቀንድ አውጣ በሺህ የሚቈጠሩ ነፍሳት ወደ ውሃው ይወጣሉ። እነዚህም ለመታጠብ፥ ለመቅዳት፥ ልብስ ለማጠብ ወይም ለመዋኘት ወደ ውሃው የገባውን ሰው ቈዳ በስተው ይገባሉ።

ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፤ ዕንቍላሉም በአንጀትና በጉበት ውስጥ እየተከማቸ ያቈስላል። በሽታው የያዘው ልጅ ይገረጣል፤ ጕልበቱ ይደክማል፤ ትምህርቱንም መከታተል ይሳነዋል። በሽታው ሲጸና ጉበትና ጣፊያው ያብጣል፤ ሆዱም ይነፋል፤ ደም እስከ መትፋትም ይደርሳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፥ በ2021 ለዚህ በሽታ መከላከያ ሕክምና ያስፈልጋቸው የነበሩት ሰዎች ከ250 ሚልዮን በላይ ነበሩ። ከእነዚህም የሚበዙት የሚኖሩት በአፍሪቃ ነው።

ይህን ትል በ1851 በካይሮ ከተማ በሆስፒታል ሲሠራ ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ በሽታውም በስሙ ተጠራ። ትሉ በቀንድ አውጣ ውስጥ የሚያድር መሆኑን ደግሞ በ1915 በዚያው በግብፅ አገር ሮበርት ላይፐር የተባለ ብሪታንያዊ አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ አንድ ነገር ተረዱ፤ ይኸውም የታመመውን ሰው ማከም ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው። ሰውዬው ዛሬ ታክሞ ቢድን፥ ነገ ወደዚያው ውሃ ሲገባ እንደ ገና ይያዛልና። ስለዚህ የበሽታውን ሰንሰለት በሌላም በኩል ለመቍረጥ፥ ማደሪያዋን ቀንድ አውጣ ማጥፋት ያስፈልግ ነበር። ይህን ለማድረግ የሚያገለግለው መድኀኒት ግን በባሕር ማዶ ፋብሪካ የሚሠራና ዋጋው ለድኻ አገር የሚከብድ ነበር።

አሁን ወደ ሰውዬው ታሪክ እንመለስ። አክሊሉ ለማ በወጣትነታቸው ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲም ስለ ተላላፊ በሽታዎችና ስለ ጥገኛ ተውሳኮች ተምረው በ1964 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። በዚያው ዓመትም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያገለግሉ፥ የቢልሃርዚያን በሽታና የቀንድ አውጣዎቹን ሁኔታ ለመመርመር ወደ ዓድዋ ከተማ ተጓዙ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት አልሞላም ነበር።

በዓድዋ ወንዝ ዳር ሲዘዋወሩ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ አገኙ። ሴቶቹ ሳሙና አልነበራቸውም፤ እናቶቻቸውና አያቶቻቸው ሲያደርጉ እንደ ኖሩት የእንዶድ ፍሬ አድርቀውና ወቅጠው፥ በውሃ በጥብጠው፥ በአረፋው ነጠላና ጋቢ ያጥቡ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብለው ውሃውን ሲመለከቱ፥ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አዩ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት በላይ ባለው ውሃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ደኅና ነበሩ።

ወንድሞች ሆይ! በዚህች ስፍራ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስተውል። በዚያ ወንዝ ዳር ከዚያ ቀን በፊት ስንት ሰው አልፏል! የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ስንት ዓይን አይቷል! እንዶድም በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፥ ማንም የሚያውቀው ተክል ነው። ነገር ግን ማየትና መመርመር አንድ አይደሉም። ዶክተር አክሊሉ ባዩት ነገር ወዲያው አልፈረዱም፤ ሴቶቹ ካሉበት በላይ ካለው ውሃ ደኅነኞች ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በዕቃ ውስጥ አደረጉ፤ ከሴቶቹም አንዲቱን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ለመኗት። አረፋው በተጨመረ ጊዜ ቀንድ አውጣዎቹ ተኰማትረው ሞቱ። ከአንዲት ድኻ ሴት እጅ የፈሰሰ አረፋ፥ ሊቃውንት በብዙ ወጪ ሲፈልጉት የነበረውን ነገር አሳየ።

ዶክተር አክሊሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የእንዶድን ፍሬ በቤተ ሙከራ እየመዘኑ፥ ምን ያህሉ በምን ያህል ውሃ ውስጥ ቢጨመር ቀንድ አውጣን እንደሚገድል መረመሩ፤ የመጀመሪያውንም ውጤት በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። በ1966 ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋም፥ ይኸውም የበሽታዎችን መነሻ የሚመረምር ተቋም አቋቁመው፥ ለዐሥር ዓመት ያህል በኀላፊነት መሩት። በዚያም ስለ ቢልሃርዚያ ብቻ ሳይሆን በአሸዋ ዝንብ ስለሚተላለፈው ስለ ሌሽማንያ በሽታም ምርምር አደረጉ። ወጣቶች ኢትዮጵያውያንም በእርሳቸው ሥር ሆነው የምርምርን ሥራ ተማሩ።

ነገር ግን በዕቃ ውስጥ የታየ ነገር በወንዝ ውስጥም እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል? ይህንንም ለማወቅ ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመት በዚያው በዓድዋ ታላቅ ፈተና ተደረገ። ከፈተናው በፊት የከተማው ሰዎች ተመርምረው ስንቱ በበሽታው እንደ ተያዘ ተቈጠረ፤ ከዚያም በከተማው አካባቢ ባሉት ወንዞች ውስጥ የእንዶድ ዱቄት በየጊዜው ተጨመረ፤ በመጨረሻም ሰዎቹ እንደ ገና ተመረመሩ። በመጀመሪያ ከመቶው 63 የነበረው የሕመምተኞች ቍጥር ወደ 34 ወረደ። ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሆነው ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶው 50 የነበረው ወደ 7 ወረደ።

የሕፃናቱን ቍጥር ልብ በሉ። በትልልቆቹ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ትሉ አስቀድሞ ገብቶ ለዓመታት የሚኖር ስለ ሆነ ቍጥሩ ቶሎ አይወርድም። ሕፃናቱ ግን ውሃው እንዶድ ከገባበት በኋላ የተወለዱ ወይም ወደ ወንዝ መሄድ የጀመሩ ስለ ነበሩ፥ የውሃው መንጻት የታየው በእነርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ከመቶ ሕፃናት መካከል ይታመሙ የነበሩት ከአርባ የሚበልጡት ዳኑ ማለት ነው። አባት የሆነ ሰው የዚህን ቍጥር ክብደት ያለ ሌላ ማስረዳት ይመዝነዋል።

ትክክለኛ ነጋዴ የዕቃውን መልካምነት ሲናገር ጕድለቱንም እንደማይሸሽግ ሁሉ፥ እኛም የእንዶድን ጕድለት መናገር ይገባናል። እንዶድ ቀንድ አውጣውን ቢገድልም የቀንድ አውጣውን ዕንቍላል አይገድልም፤ ስለዚህ ዕንቍላሉ ሲፈለፈል መድኀኒቱ እንደ ገና መጨመር አለበት። ዓሣንም ይገድላል። ሰውም ሊጠጣው የሚገባ ነገር አይደለም። መልካምነቱ ደግሞ ይህ ነው፤ በጥቂት ቀን ውስጥ በውሃው ውስጥ ፈርሶ ይጠፋል፤ በአገሬው ምድር ይበቅላል፤ ገበሬውም ራሱ ሊያመርተው ይችላል። ዶክተር አክሊሉም እነዚህን ሁሉ በጽሑፋቸው አስታወቁ እንጂ አንዱን ገልጠው ሌላውን አልሸሸጉም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያም በካሊፎርኒያ በሚገኘው በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከአሜሪካውያን ኬሚስቶች ጋር ሆነው፥ በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ቀንድ አውጣን የሚገድለው ነገር የትኛው እንደ ሆነ ለይተው አወጡ። ይህም አረፋ ከሚያወጡት፥ ሳፖኒን ከሚባሉት የተክል ቅመሞች አንዱ ነው። በዶክተር አክሊሉ አባት ስምም ለማቶክሲን ተባለ። እንግዲህ ልብሱን የሚያነጣውና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ያው አረፋ መሆኑ ታወቀ።

ከዚህ በኋላ ሰሚው ነገሩ የተፈጸመ ይመስለው ይሆናል። ተክሉ ታውቋል፤ በወንዝም ተፈትኗል፤ የቀረው በየአገሩ መትከልና መጠቀም ነው ብሎ ያስባል። ነገር ግን የዶክተር አክሊሉ የረዥም ጊዜ ፈተና የጀመረው በዚህ ነው።

በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘንድ የነበሩት አዋቂዎች እንዶድን ለመቀበል ዘገዩ። በእነርሱ ዘንድ አስቀድሞ የታወቀው የፋብሪካው መድኀኒት ነበር። እንዶድ ለሰውና ለእንስሳ የማይጐዳ መሆኑ በታወቁ ቤተ ሙከራዎች፥ በዓለም አቀፍ ሥርዐት መሠረት ካልተመሰከረለት በቀር ገንዘብ የሚሰጡ አገሮች ሊረዱት አልፈለጉም። በኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገው ምርመራ ለዚህ ምስክር እንዲሆን አልተቈጠረም። ያን ምርመራ በባሕር ማዶ ለማስደረግ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ገንዘቡን የሚሰጥም አልተገኘም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ዓመታት ዐለፉ።

በዚህ ነገር ላይ ፍርዳችን ትክክለኛ ይሆን ዘንድ ሁለቱንም ወገን እንመልከት። መድኀኒት ሳይመረመር ለሕዝብ መስጠት ታላቅ ጥፋት ሊያመጣ ይችላል። በግብፅ አገር ከ1950ዎቹ ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለቢልሃርዚያ ሕመምተኞች መርፌ ሲወጋ፥ መርፌው በደንብ ሳይቀቀል ከአንዱ ወደ ሌላው በመዛወሩ፥ ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት በሽታ በብዙ ሰዎች ላይ ተሠራጨ። የሚያድነው ሥራ ራሱ ሌላ በሽታ አመጣ። ስለዚህ ጥንቃቄ መጠየቅ በራሱ በደል አይደለም።

በደሉ ያለው በሌላ በኩል ነው። ሚዛን ሚዛን የሚሆነው ለሁሉም እኩል ሲመዝን ነው። አንድ ነጋዴ ከሩቅ አገር የመጣውን ዕቃ በማሸጊያው አምኖ ቢቀበል፥ የጎረቤቱን ዕቃ ግን ከጎረቤት በመምጣቱ ብቻ ቢንቀው፥ ሚዛኑ ጠማማ ነው ይባላል። የኢትዮጵያ ሊቃውንት የመዘኑት ነገር በኢትዮጵያ በመመዘኑ ብቻ የማይታመን ከሆነ፥ የተናቀው እንዶዱ ሳይሆን መዛኙ ነው። ዶክተር አክሊሉም በየስብሰባው እየቆሙ ሲያስረዱ የኖሩት ይህንን ነው። ከድኻ አገሮች የሚወጣ ዕውቀት ሰሚ የሚያጣው ከስሕተቱ የተነሣ ሳይሆን ከመጣበት ስፍራ የተነሣ መሆኑን ገለጡ።

ይሁን እንጂ በመናገር ብቻ አልተወሰኑም። የተጠየቀው ምርመራ ከባድ ቢሆንም እንዲፈጸም ደከሙ። በ1976 ከተቋሙ ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ጕዳይ ላይ ማገልገል ጀመሩ፤ በኋላም በኢጣልያ በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የምርምር ማዕከል ምክትል ዲሬክተር ሆኑ። በዚህ ሁሉ ሥራ መካከል እንዶድን አልተዉም። በአገር ቤትም ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት የእርሻ ሊቅ ሥራውን ተካፈሏቸው። ዶክተር ለገሠ የእንዶድን ዓይነቶች ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አውራጃዎች እየሰበሰቡና እየተከሉ፥ ፍሬው የሚበዛውንና ቀንድ አውጣን በመግደል የሚበረታውን ሲመርጡ ብዙ ዓመት ደከሙ። ከመረጧቸውም ዓይነቶች አንዱ በቍጥር 44 ተብሎ የታወቀው ነው።

በ1983 በዛምቢያ በሉሳካ ከተማ፥ በ1986ም በስዋዚላንድ በምባባኔ ከተማ ስለ እንዶድ የሚመክሩ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ተደረጉ። በካናዳ የሚገኘው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከልም ለምርመራው ርዳታ ሰጠ። ይኸውም ምርመራ ተደርጎ፥ እንዶድ ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ ሲያገለግል የሚያሠጋ አለመሆኑ በ1990 ገደማ ተመሰከረለት። እንግዲህ በዓድዋ ወንዝ ዳር ከታየበት ቀን ጀምሮ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል ዐለፈ ማለት ነው። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ፥ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስዊድን አገር በአንድነት ተቀበሉ። ሽልማቱ ለሁለቱም መሰጠቱ ተገቢ ነበር፤ አንዱ ያገኘውን ሌላው ተክሎ አሳድጎታልና።

ከዚህም ሌላ ለነጋዴዎች ትምህርት የሚሆን አንድ ነገር አለ። በዚያን ዘመን በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ የሜዳ አህያ መልክ ያለው ትንሽ ባለ ቅርፊት እንስሳ ተራብቶ የውሃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ታላቅ ኪሣራ ያደርስ ነበር። በኦሃዮ ግዛት በሚገኘው በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በ1990 ገደማ በተደረገ ሙከራ እንዶድ ይህንንም እንስሳ የሚገድል ሆኖ ተገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዚህ አገልግሎት ላይ የፈጠራ መብት ተመዘገበ፤ ዶክተር አክሊሉም ከፈጣሪዎቹ እንደ አንዱ ተቈጠሩ፤ መብቱ ግን በዩኒቨርሲቲው እጅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር በዓለም ላይ ብዙ ክርክር አስነሣ። አንድ ሕዝብ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጠብቆ ያቈየው ተክልና ዕውቀት፥ ገንዘብ በሚያመጣበት ጊዜ ድርሻው ለማን ነው? በዓድዋ ወንዝ ዳር አረፋውን የጨመረችው ሴት ስሟ በየትኛው መዝገብ ላይ ይገኛል? የሰው ንብረት አማና መሆኑን የሚያውቅ ነጋዴ፥ የሰው ዕውቀትም አማና መሆኑን ከዚህ ይማር።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በሚያዝያ ወር 1997 በስድሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ያቋቋሙት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል፤ ሥራውንም አላቋረጠም። ቢልሃርዚያን ለማከም ዛሬ ፕራዚኳንቴል የሚባል የሚዋጥ መድኀኒት አለ፤ በሽታው ባለባቸው ቦታዎችም ለትምህርት ቤት ልጆች ይታደላል። ስለ ሆነም እንዶድ ሊቁ እንደ ተመኙት በየወንዙ የተስፋፋ መድኀኒት አልሆነም። ነገር ግን ውሃው ካልነጻ የዳነው ልጅ እንደ ገና የሚያዝ መሆኑ፥ እርሳቸው የተናገሩት እውነት፥ ዛሬም እንደ ጸና ነው።

ውድ አንባቢያን! ይህ ነገር ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ከወልቂጤ ተነሥቶ ለንግድ የሚሄድ ሰው የዋቤን ወንዝ ወይም በጅማ መንገድ ያለውን ጊቤን ይሻገራል፤ ከቡታጅራም የሚነሣው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ቢልሃርዚያ መኖሩን ሐኪሞች አረጋግጠዋል። መንገደኛ የሶላት ሰዓት ሲደርስበት ውዱእ ለማድረግ ወደ ቀረበው ውሃ ይገባል፤ ልጆችም ሲሞቃቸው ይዋኛሉ። ውሃ ሁሉ የተበከለ ነው አንልም፤ ነገር ግን ጥሩውን ውሃ ከተበከለው ዓይን አይለየውም። ስለዚህ የሚቻለው ሰው የቧንቧ ወይም ንጹሕ የጕድጓድ ውሃ ይጠቀም። ይህ ካልተገኘ ለመታጠቢያ የሚሆነውን ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፥ ወይም ቀድቶ በንጹሕ ዕቃ ሁለት ቀን ሙሉ ማቈየት ይጠቅማል፤ ያቺ በዓይን የማትታየው ነፍሳት ሰው ካላገኘች ከዚያ በላይ አትኖርምና። ከሁሉም በላይ ደግሞ በወንዝ ዳር አለመጸዳዳትና በየቤቱ መጸዳጃ መቈፈር የበሽታውን ሰንሰለት ከሥሩ ይቈርጣል። ለጎረቤት የሚደረግ ኸይር ከዚህ የበለጠ ምን አለ? በላይኛው ሰፈር የሚኖረው ሰው ውሃውን ቢያበላሽ የሚታመመው የታችኛው ሰፈር ልጅ ነውና።

ሁለተኛም ነገር እንጨምር። በዓድዋ የታየው ውጤት የተገኘው ሕዝቡ መርማሪዎቹን ተቀብሎ በእውነት ስለ መለሰላቸው ነው። የቡታጅራ ሰዎች ይህን ሥራ በዓይናቸው አይተዋል። ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በቡታጅራ በአንድ የከተማና በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፥ የተወለደውንና የሞተውን ለብዙ ዓመታት ሲመዘግቡ ነበርና። ጠያቂ ወደ ደጃችሁ ሲመጣ ሥራ ፈት አድርጋችሁ አትዩት። የእያንዳንዱ ቤት መልስ በሚዛኑ ላይ እንደሚቀመጥ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ሐሰት ከሆነ ሚዛኑ ሁሉ ሐሰት ይሆናል።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ይህ ነው። ዶክተር አክሊሉ በሩቅ አገር የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ከወንዝ ዳር ሴቶች መማርን አላፈሩም። እኛም በቤታችን ያሉት እናቶችና አያቶች የሚያውቁትን አንናቅ፤ ደግሞም ሳንመረምር አንቀበል። ልጆቻችንን ስናስተምር፥ ወንድም ይሁን ሴት፥ ያየውን ነገር ለምን ብሎ እንዲጠይቅ፥ ከጠየቀም በኋላ እስኪያረጋግጥ እንዲታገሥ እናስተምረው። ለሰው የሚጠቅም ዕውቀት ከማንም ወገን ቢመጣ በምስጋና መቀበል ይገባል፤ የአላህን ውሃና የአላህን ቅጠል በእኩል የምንካፈል ነንና። በአላህ ዘንድ ትንሽ የሚባል መልካም ሥራ የለም። አላህ ውሃችንን ያጥራልን፤ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ሚዛናችንንም ያቅናልን። አሚን።